ፈቃዳችንን በምናነበው ቋንቋ ጠይቁን

ይድረስ ለዋሽንግተን ዲሲ የኢንሹራንስ፣ የአክሲዮንና የባንክ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በዚህች ከተማ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያውን የባንክ ሂሳብ ሲከፍት ብዙ ወረቀት ይቀርብለታል። ከመካከላቸው አንዱ የሚጠይቀው፣ በሂሳብዎ ያለው ገንዘብ ባይበቃም በዴቢት ካርድ የገዙትን ባንኩ እንዲያሳልፍልዎና ለዚያም እንዲያስከፍልዎ ይፈቅዳሉ ወይ የሚል ነው። አልፈቅድም ያለ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ካርዱ አልሠራም ይለዋል፤ ዕቃውን መልሶ ይሄዳል፣ አንድ ሳንቲምም አይቀጣም። እፈቅዳለሁ ያለው ግን ለ6 ዶላር ምሳ ኦቨርድራፍት የሚባል የ35 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህን ምርጫ የሰጠን የፌዴራል ደንብ ነው። ከጁላይ 2010 ጀምሮ ባንኮች ደንበኛው አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር በኤቲኤምና በአንድ ጊዜ የዴቢት ካርድ ግዢ ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ መጠየቅ አይችሉም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሥራ የጀመረው የክሬዲት ካርድ ሕግም ከብድር ጣሪያ በላይ በማለፍ ለሚጠየቅ ክፍያ እንዲሁ ፈቃድ እንዲቀድም ያዛል። ጥሩ ሕጎች ናቸው። ነገር ግን የሚጠብቁት ምን እንደፈረመ ያወቀን ሰው ብቻ ነው።

ለወገኖቼ የባንክ ደብዳቤ እያነበብኩ አስረዳለሁ። ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ምግብ ቤት የሚሠሩ፣ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው ያሳዩኛል፤ 35 ዶላር፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ 35 ዶላር። «መቼ ፈቀድኩ?» ይሉኛል። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ፊርማቸው አለበት።

አገራችንን ለሚያውቅ ሰው ለምን እንደፈረሙ መረዳት አይከብድም። በኢትዮጵያ የባንክ ኦቨርድራፍት በአብዛኛው ነጋዴ ንብረት አስይዞ የሚያገኘው የብድር ዓይነት ነው፤ ደመወዝተኛው ብዙም አያውቀውም። በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መጻፍ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ደረቅ ቼክ ጻፈ መባል የሰው ስም ያጠፋል። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው የባንክ ሠራተኛ «ገንዘብ ቢጎድልብዎ እኛ እንሸፍንልዎታለን» ሲለው ከውርደት የሚያድነው ይመስለዋል። አመስግኖ ይፈርማል። እንዲህ ያለውን ፊርማ ፈቃድ ብሎ መቁጠር እኔን ይከብደኛል።

እንግሊዝኛ ጠንቅቀው የሚያነቡትም ቢሆኑ ሲታለሉ አይተናል። በ2020 የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ቲዲ ባንክ ለ1.4 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች 97 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስና 25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍል አዟል። ከቢሮው ግኝቶች አንዱ ለአዲስ ደንበኞች የሚቀርበው ቅጽ «ተመዝግቧል» በሚለው ቦታ ላይ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይሰጥ እንደነበር ነው። ይኸው ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት አብዛኛው የዴቢት ካርድ ኦቨርድራፍት ክፍያ የሚመጣው 24 ዶላርና ከዚያ በታች በሆነ ግዢ እንደሆነ፣ አብዛኛው ጉድለትም በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚሞላ አሳይቷል። በ2017 ደግሞ ከሂሳቦች 9 በመቶ የሚሆኑት ከኦቨርድራፍትና በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ ከሚጠየቀው ክፍያ በድምሩ 79 በመቶውን እንደሚሸከሙ አስታውቋል። ደጋግሞ የሚከፍለው፣ እንግዲህ፣ ደጋግሞ የሚጎድልበት ሰው ነው።

የፌዴራሉ ቢሮ ይህን ለማቅለል በዲሴምበር 2024 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች ክፍያውን ወደ 5 ዶላር እንዲያወርዱ፣ አለበለዚያም ከወጪያቸው እንዳያስበልጡት ወይም እንደ ማንኛውም ብድር በግልጽ እንዲያሳውቁት ደንብ አውጥቶ ነበር። ኮንግረሱ ሻረው፤ ፕሬዚዳንቱም በሜይ 2025 ፈረሙበት። ያ በር ለጊዜው ተዘግቷል። እናንተም ብሔራዊ ባንኮችን ይህን ያህል ብቻ አስከፍሉ ብላችሁ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌላችሁ አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ በእጃችሁ ያለውን ነው።

የከተማችን የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን እንግሊዝኛ ለማይበቃቸው ነዋሪዎች እንዲተረጉሙ ያዛል። በዚህ ሕግ ሳቢያ አማርኛ ከከተማዋ የአገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ይህ በስደት ላለ ሰው ትልቅ ክብር ነው። ሕጉ ባንኮችን አይመለከትም። እናንተን ግን ይመለከታል፤ የኦቨርድራፍት ክፍያ የሌለበትን ሂሳብ የሚያስተዋውቀውን የባንክ ኦን ዲሲ መርሐ ግብር የምትመሩትም እናንተ ናችሁ። ስለ ኦቨርድራፍት ፈቃድ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በመርሐ ግብሩ ያሉ ባንኮችም ሂሳብ በሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊርማው በፊት፣ እንዲሰጡት ጠይቋቸው።

በገጹ ላይ አልፈቅድም ማለት መብት እንደሆነ፣ ቀድሞ የፈቀደም ሰው በማንኛውም ጊዜ ፈቃዱን መሰረዝ እንደሚችል በትልቁ ይጻፍ። ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፤ አንዴ ከፈረሙ የማይመለስ ይመስላቸዋል። ምርጫው ቼክንና በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያን እንደማይሸፍንም ይነገር። ለእቁብ ቼክ የጻፈ ሰው፣ የቤት ኪራዩ በራሱ የሚከፈልለት ሰው፣ አልፈቅድም ብሎም ሊከፍል ይችላል። መከላከያው የክፍያውን ቀን ደመወዝ ከሚገባበት ቀን በኋላ ማድረግ፣ ሂሳቡ ሲያንስ ስልክ ላይ መልእክት እንዲመጣ ማዘዝ፣ ሲጎድልም ገንዘቡ ከቁጠባ ሂሳብ እንዲሞላ ማገናኘት ነው፤ የመሙያ ክፍያ እንዳለውና እንደሌለው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቤንዚን ማደያ ሳይጻፍ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ ሾፌሮቻችንን ከምንም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው። ሾፌሩ ካርዱን ማሽኑ ላይ ሲያስገባ ማደያው እስከ 175 ዶላር ሊያስይዝ ይችላል። የቀዳው የ40 ዶላር ቢሆንም የተቀረው ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ ሂሳቡ ውስጥ እያለ እንደሌለ ነው። በዚያው መሐል የመኪናው ኢንሹራንስ በራሱ ሊቆረጥ ይመጣና ባዶ ያገኘዋል። ውስጥ ገብቶ ለገንዘብ ተቀባዩ የሚፈልገውን መጠን ነግሮ የሚከፍል ሰው ከዚህ ይተርፋል። ይህን የሚነግረው ግን የለም።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው ባንክ መቀየር እንደሚቻል ነው። ካፒታል ዋንና ሲቲባንክ በ2022 ክፍያውን ጨርሰው አስቀርተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል። ባንክ ኦን የሚያረጋግጣቸው ሂሳቦች ደግሞ ከመነሻው የኦቨርድራፍት ክፍያ የላቸውም። ከጎረቤቱ ባነሰ የሚያስከፍል ባንክ መኖሩን ያወቀ ሰው ይቀይራል፤ የኛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመጣ ዘመዱ በመራው ባንክ ለዓመታት ይቀመጣል።

ትርጉሙ ለማሽን ብቻ እንዳይተው እለምናችኋለሁ። ረቂቁን በዘጠነኛው ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ለሚሠሩ ሰዎች አሳዩ፤ አንብበው ምን እንደገባቸው በራሳቸው ቃል ይንገሯችሁ፤ ያልገባቸው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ። በዚህ ሥራ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ። ገጹን ለማውጣት ታስቡ እንደሆነና በየትኛው ወር እንደሚደርስ በጽሑፍ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከተማዋ ነዋሪ