«ቆይ፥ አባትህ ይምጣ!»

ሕፃን ሲያጠፋ በየቤቱ የሚነገር አንድ ማስፈራሪያ አለ፤ ይኸውም «ቆይ፥ አባትህ ይምጣ!» የሚለው ነው። ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው በመካከላችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ልጁም ይህን በሰማ ጊዜ ጨዋታውን ትቶ ጥግ ይይዛል፤ በሩ ሲንኳኳ ቤቱ ጸጥ ይላል። አባት መጣ ማለት ዳኛ መጣ ማለት ነውና። ደብተር ወይም ጫማ ያስፈለገው ልጅ እንኳ አባቱን በቀጥታ አይጠይቅም፤ እናቱን አማላጅ አድርጎ ይልካል እንጂ።

ይህን ልማድ የሚደግፉ ሰዎች «አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩን ስንመረምረው ግን እንዲህ ሆኖ አናገኘውም። አራሹ አባት ቁጡ ቢሆንም ወንድ ልጁን ከአጠገቡ አይለየውም ነበር። ልጁ ጥጃና በግ ከመጠበቅ ጀምሮ ሞፈር እስኪጨብጥ ድረስ፥ ዘር አዘራሩን፥ አጨዳውን፥ ውቂያውን፥ ከሰው ጋር አነጋገሩንም ጭምር የሚማረው ከአባቱ ሥር ሆኖ ነበር። ሴት ልጁን ለእናቷ ብቻ መተዉ ጉድለቱ ነው፤ ቢሆንም ቁጣውና ትምህርቱ አብረው ይሄዱ ነበር።

የዛሬው የከተማ አባት ግን በጧት ለታክሲ ተሰልፎ ይሄዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ማስተማሩን ለትምህርት ቤት፥ መንከባከቡን ደግሞ እንደ እርሱ ሥራ ውላ ለምትመጣው እናት አስረክቦ፥ ለራሱ ያስቀረው ቁጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ የአባቶቹን ልማድ ጠበቀ ሊባል አይቻልም፤ የሚበጀውን ግማሽ ጥሎ የሚከብደውን ግማሽ ያዘ እንጂ።

ሕጉ እንኳ ከዘመኑ ጋር ተራምዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ፥ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተ ሰብ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው፥ ልጆቻቸውንም ተባብረው እንዲያሳድጉና እንዲያስተምሩ ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ሰጥቷል። 3 ቀን ጥቂት ነው፤ እናቲቱ ከአራስ ቤት ሳትነሣ ያልቃል። ሆኖም ሕፃን አባቱም እንደሚያስፈልገው ሕግ አመነ ማለት ነው።

«ወንድ ልጅ ሕፃን ካቀፈና ካጠበ ክብሩ ይቀንሳል» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ክብርና ፍርሃት አንድ አይደሉም እንላለን። የሚፈራ አባት ይታዘዙታል፤ ምሥጢር ግን አይነግሩትም። ልጁ ከክፉ ጓደኛ ጋር ሲውል፥ ልጂቱን በመንገድ የሚያስቸግራት ሰው ሲኖር፥ ከሁሉ በኋላ የሚሰማው አባት ነው። በሰማም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከእጅ አምልጦ ይገኛል።

የሥራውን ድካምና የኑሮውን ውድነት አንዘነጋም። እኛም አባቶች ነንና ወቀሳው ለራሳችንም ነው። የሚፈለግብን ግን ብዙ ገንዘብ አይደለም። ማታ ግማሽ ሰዓት ያህል የእጅ ስልክን አስቀምጦ የልጅን ደብተር መመልከት፥ የዋለበትን መጠየቅ፥ ሕፃኑን አቅፎ ወደ ክትባት መሄድ፥ ለወላጆች ስብሰባም እናትን ብቻ አለመላክ ነው።

ያልዘሩት አይበቅልም። በልጅነታቸው ያላነጋገርናቸው ልጆች በሽምግልናችን አጠገባችን ተቀምጠው እንዲያጫውቱን ብንመኝ ከወዴት ይመጣል? እንግዲህ «አባትህ ይምጣ» የሚለው ቃል ማስፈራሪያ መሆኑ ቀርቶ የምሥራች እንዲሆን ማድረግ በእጃችን ነው። ይህም ዛሬ ማታ በሩን ስናንኳኳ ሊጀመር ይችላል።