ሆኪው ተቋርጦ ፈረስ የታየበት ቀን

ካናዳውያንና አሜሪካውያን ጎረቤት ናቸው። የኩቤክን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ትተን ቋንቋቸው አንድ ነው፤ የሚያዩት ፊልምና ድራማም በአብዛኛው ያው ነው። ድንበር አካባቢ የሚኖረው ካናዳዊማ ከድሮ ጀምሮ የአሜሪካን ጣቢያዎች በአንቴና ሲስብ ነው የኖረው። ታዲያ የሁለቱ ሕዝቦች የቲቪ ጣዕም በምን ይለያል? መልሱ ያለው እዚሁ ስፖርት ገጽ ላይ ነው። ለዚህም ሁለት ቀኖችን ማስታወስ ይበቃል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1968 ነው። ኤን ቢ ሲ የኒውዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ በቀጥታ ያሳያል። ጄትስ 32 ለ 29 እየመራ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀር ጣቢያው በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ጨዋታውን ቆረጠና «ሃይዲ» የተባለ የልጆች ፊልም ጀመረ። ሬይደርስ በዚያችው ደቂቃ ሁለቴ አስቆጥሮ 43 ለ 32 አሸነፈ! ተመልካቹ ያንን ጉድ ሳያይ ቀረ። የኤን ቢ ሲ ስልክ ማዞሪያ በንዴት ከሚደውለው ሰው ብዛት ሥራ አቆመ፤ የጣቢያው ፕሬዝዳንት ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የፉትቦል ጨዋታን በመጨረሻው ደቂቃ መቁረጥ በአሜሪካ የማይሞከር ነገር ሆነ።

ሁለተኛው ቀን ሜይ 19 ቀን 2007 ነው። ያው ኤን ቢ ሲ የበረዶ ሆኪ ያሳያል። (ሆኪን የማታውቁት፣ የእኛን ገና በበረዶ ላይ ተንሸራትተው ሲጫወቱት አስቡት።) የኦታዋ ሴኔተርስና የቡፋሎ ሴበርስ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ነው፤ ኦታዋ ካሸነፈ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ ያልፋል። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። ጭማሪ ሰዓቱ ሲጠበቅ ኤን ቢ ሲ ምን አደረገ? ከቡፋሎ አካባቢ በስተቀር ሆኪውን አቋርጦ ወደ ፕሪክነስ የፈረስ ውድድር ሄደ። ፈረሶቹ ደግሞ ገና መሮጥ አልጀመሩም፤ የታየው የውድድሩ ዋዜማ ወሬ ነበር። ጭማሪ ሰዓቱ ቨርሰስ ወደተባለው የኬብል ጣቢያ ተገፋ። ዳንኤል አልፍሬድሰን አግብቶ ኦታዋን ለፍጻሜ ያሳለፈባትን ጎል ካናዳውያን በሲ ቢ ሲ በነጻ ሲያዩ፣ ኬብል የሌለው አሜሪካዊ ግን ፈረስ ሲያይ ዋለ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። የአንድን ሕዝብ ጣዕም ለማወቅ የመጨረሻው ደቂቃ ሊቆረጥበት የማይችለው ጨዋታ የትኛው እንደሆነ ማየት ነው።

ቁጥሩም ይመሰክራል። በ2010 የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ፍጻሜ ካናዳ አሜሪካን በሲድኒ ክሮስቢ የጭማሪ ሰዓት ጎል 3 ለ 2 ስታሸንፍ በካናዳ በአማካይ 16.6 ሚሊዮን ሰው ተመልክቷል። የሕዝቡ ቁጥር ያኔ 34 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ግማሹ ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ 27.6 ሚሊዮን ተመለከተ። ብዙ ይመስላል፤ ግን ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የ2025ቱን ሱፐር ቦውል 127.7 ሚሊዮን ሰው አይቶታል።

ገንዘቡስ? በ2011 ኤን ቢ ሲ የሆኪውን ሊግ በአሜሪካ ለማሳየት ለ10 ዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። በ2013 የካናዳው ሮጀርስ ለ12 ዓመት 5.2 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አወጣ። በሕዝብ ብዛት ዘጠኝ እጥፍ የምትበልጠው አገር ከግማሽ በታች ከፈለች!

ከየት የመጣ ፍቅር ነው? «ካናዳ በረዶ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። ሚኒሶታም እኮ በረዶ ነው። ትልቁ ምክንያት ልምድ ነው። ከ1952 ጀምሮ የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ሲ ቢ ሲ «ሆኪ ናይት ኢን ካናዳ»ን ቅዳሜ ማታ ያለ ክፍያ ሲያሳይ ኖሯል። ለእኛ ቅዳሜ ማለት የእንግሊዝ ሊግ እንደሆነው ሁሉ ለካናዳዊ ልጅ ቅዳሜ ማለት ሆኪ ሆነ። በ2008 ደግሞ በፑንጃቢ ቋንቋ ማስተላለፍ ተጀመረና ከሕንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። እነዚህ ቤተሰቦች በረዶን ከአገራቸው ይዘውት አልመጡም፤ ጣዕሙን የሰጣቸው ቲቪው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። በ1996 ፎክስ «ተመልካቹ ኳሷን ማየት አልቻለም» ብሎ ጥቁሯን ጠፍጣፋ ጎማ በኮምፒዩተር ሰማያዊ ብርሃን አለበሳት፤ በኃይል ስትመታ ቀይ ጭራ ታወጣለች። ካናዳውያን ሳቁ፤ ፎክስም በ1998 ተወው። በሥራ ማቆም አድማ ሳይሆን ባለቤቶቹ በሩን በመዝጋታቸው የ2004-05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ሲሰረዝ ኢ ኤስ ፒ ኤን ሆኪውን ለቀቀ። ሊጉም አደንና ዓሣ ማጥመድ ወደሚያሳይ የኬብል ጣቢያ ተሰደደ፤ ቨርሰስ የተባለው ያው ጣቢያ ነው። የፉትቦሉ ሊግ ግን ዋና ዋና ጨዋታዎቹን ማንም በአንቴና በሚያገኛቸው ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ አቆየ። ሰው ያላየውን አይለምድም፤ ያለመደውን አይወድም።

«አሜሪካዊ ሆኪ አይወድም» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። በፌብሩዋሪ 2025፣ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ካናዳን 51ኛ ግዛት እናድርጋት እያሉ ባለበት ሰሞን፣ የአራቱ አገሮች ውድድር ፍጻሜ ቦስተን ላይ ተደረገ። ካናዳ በኮነር ማክዴቪድ የጭማሪ ሰዓት ጎል 3 ለ 2 ስታሸንፍ በአሜሪካ 9.3 ሚሊዮን ሰው በኢ ኤስ ፒ ኤን ተከታትሎታል። ባንዲራ ሲገባበት አሜሪካዊውም ይቀመጣል ማለት ነው። ካናዳዊውም ቢሆን ፉትቦልን አይጠላም። እንዲያውም ሱፐር ቦውል ላይ የሚያስከፋው የአሜሪካኖቹን ማስታወቂያ ማጣቱ ነው፤ የካናዳ ጣቢያ የራሱን ማስታወቂያ ይተካበታልና። የብሮድካስት ባለሥልጣኑ ለሕዝቡ ፈርዶ ከ2017 ጀምሮ ይህን ቢከለክልም፣ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 መጨረሻ ክልከላው ተሻረ።

ታዲያ አሁን የሚያሰጋው ምንድነው? የካናዳ ሆኪም በክፍያ በር ውስጥ እየገባ መሆኑ ነው። በ2024 የሰኞ ማታ ጨዋታዎች ወደ አማዞን ፕራይም ሄዱ። በ2025 ሮጀርስ ከ2026-27 ጀምሮ ለሚቆይ ለሌላ 12 ዓመት 11 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ፈረመ። ይህ ገንዘብ ከየት ይመለሳል? ከተመልካቹ ኪስ ነዋ! የዛሬው አባት ይከፍል ይሆናል፤ ምክንያቱም በልጅነቱ በነጻ እያየ ፍቅሩ ይዞታል። መክፈል ያልቻለ ቤት ውስጥ የሚያድገው ልጅ ግን ሆኪን በምን ይለምዳል? አሜሪካ በ2005 ጨዋታውን ከሕዝብ ዓይን አርቃ ውጤቱን በ2007 አይታዋለች። ሮጀርስም ከጎረቤቱ ቢማር ይሻለዋል። የቅዳሜው በር ከተዘጋ ሆኪው ተቆርጦ ፈረስ ቢታይ ስልክ የሚደውል ካናዳዊም አይገኝም።