የኅዳር ሣጥን

«ይሄን ደግሞ ከየት ጎተትከው ጃል?» አለኝ ወዳጄ፣ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ።

ጎንደር ፒያሳ ነን፤ ከፖስታ ቤቱ አለፍ ብሎ ካለችው ቡና ቤት በረንዳ። ሣጥኑን እግሬ ሥር አስጠግቼዋለሁ። ጣውላው ከጭስና ከዘመን ብዛት ጠቁሯል። እጀታው ድሮ ገመድ ነበር፤ ኋላ አንድ እጀ ብልህ በጠፍር ተክቶታል።

«ከእሳት አፍ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ኅዳር 12 ማለዳ፣ ሰፈሩ ጥራጊውን ሰብስቦ ሲያጤስ፣ ልጆች ከክምሩ አናት ሊወረውሩት ሲሉ ደረስኩ። የግቢው ባልቴት «ምስጥ የጀመረው እንጨት ምን ያደርግልሃል ልጄ?» ብለው ሰጡኝ። ገንዘብ ላወጣ ብል ተቆጡኝ። ቡና አጠጥተውም ሣጥኑ የአማታቸው እንደነበረ፣ የዘር ጤፍና የዘር ሽምብራ እንደሚኖርበት አጫወቱኝ። ማታውኑ ቁጭ ብዬ ያሉትን ሁሉ ጻፍኩት።

ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አየው። «የጥይት ሣጥን ነው እኮ። ለዚያውም ባዶ።»

«ክዳኑን ገልብጠው።»

ገለበጠው። በጋለ ብረት የተመታ የሮማ አኀዝ አለ፤ ሲነበብ 14 ይሆናል።

«የምን 14?»

«የጣሊያን ፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን ነበራቸው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ጀምረው አንድ፣ ሁለት እያሉ ነበር የሚቆጥሩት። 14ኛው ዓመታቸው ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ነው። የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ይሄ ሣጥን የዚያ ዓመት ልጅ ነው።»

ጣቱን በቁጥሩ ላይ አሳለፈ። «13 ያለበትስ ታገኛለህ?»

«አንድ ቀን አገኝ ይሆናል። እሱን ባገኝ ሌላውን ሁሉ እሰጥበታለሁ። 13 ማለት ከጥቅምት 1927 ወዲህ ማለት ነዋ። ወልወል ላይ ከእኛ ጋር የተታኮሱት ኅዳር 1927፣ መረብን የተሻገሩት መስከረም 22 ቀን 1928። መካከሉን አስበው፤ ዲፕሎማቶቹ ጄኔቭ ላይ ስለ እርቅ ሲያወሩ፣ አናጢው ሮማ አገር ሣጥን እየመታ ነበር። ሣጥን አይዋሽም። ታሽጎ ከመርከብ የሚጫን ነገር ከብዙ ጊዜ በፊት ይታሰባል።»

ማኪያቶው መጣ። ወዳጄ ስኳሩን እያማሰለ፣ እዚህ አገር እንዴት ሊተርፍ እንደቻለ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ወልቃይትም፣ አርማጭሆም፣ ደባርቅም አምስት ዓመት ሙሉ እረፍት የነሱት የጣሊያን ጦር መጨረሻው የደረሰው በ1934 ነው። ከሊማሊሞ በላይ፣ ወልቀፊት ላይ ወራት ተከቦ የቆየው ምሽግ መስከረም ላይ እጁን ሰጠ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለው ቁልቋል በር ወደቀ። በስድስተኛው ቀን፣ ኅዳር 18፣ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። ለአርበኛው ጠመንጃው ነበር ዋናው፤ ለባላገሩ ግን ሣጥኑም ሲሳይ ነበር። ተሰንጥቆ የተላገ ጣውላ ያኔ በቀላሉ አይገኝም። ይሄ ደግሞ ውስጡ በስስ ቆርቆሮ ተለብጧል። ባሩድ እርጥበት ስለማይወድ ነው። ዘርም እርጥበት አይወድም፤ ነቀዝ ቆርቆሮ አይበላም። የባልቴቷ አማት ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አላስፈለጋቸውም።

«እና ጥይቱ የተቀመጠበት ለዘር ሆነ» አለ ወዳጄ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ሰማንያ ዓመት! ለጥይት ያገለገለው ግፋ ቢል ስድስት ዓመት ነው።»

አብሮት የነበረው ካርቶን ግን አልተረፈም። የጣሊያኑ የካርካኖ ጠመንጃ ጥይት 6፣ 6 እየሆነ በመያዣ ይታሰራል፤ ሦስቱ መያዣ በአንዲት ትንሽ ፓኮ ይገባል፣ 18 ጥይት። ያቺ ፓኮ እሳት ማቀጣጠያ ሆና አልቃለች። ዛሬ ሙሉዋን ያገኘ ሰብሳቢ ከሣጥኑ አብልጦ ይይዛታል። ቃሏ ግን ቀርታለች፤ ሲጋራም ሻይ ቅጠልም በፓኮ እንገዛለን። ጣውላ፣ ላሜራ፣ ይሄ የተቀመጥንበት ፒያሳ ራሱ፣ ወዲያ ማዶ አውቶፓርኮ፣ ሁሉም ከዚያው ጭነት የወረዱ ቃላት ናቸው።

«ጀሪካንስ?» አለኝ። በፊታችን አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ታልፍ ነበር።

«እሱ ደግሞ ከጀርመን ነው። በፈረንጆቹ 1937 ግድም ለጦራቸው ነዳጅ የሠሩት ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ነው። እንግሊዞች ሊቢያ በረሃ ላይ የራሳቸው ቆርቆሮ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው፣ የማረኩትን አይተው አስመሰሉት። ጀርመንን በቅጽል ስሙ ጄሪ ይሉት ስለነበር የጄሪ ቆርቆሮ አሉት። የብረቱን ካገኘህ ከላይ ሦስት መያዣ አለው። ሙሉውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይሸከመዋል፤ ባዶ ሲሆን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለቱን ያነሣል። እንስራን ከእናቶቻችን ጀርባ ያወረደው የዚያ የብረቱ የፕላስቲክ ልጅ ነው።»

ልጅቷ እስክትርቅ ሁለታችንም ዝም አልን።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ቁልቋል በር የወደቀው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? ኅዳር 12። የሚካኤል ዕለት፣ እኛ ጥራጊ የምናጤስበት ቀን። የጣሊያን ካራቢኒየሪዎች፣ ወታደራዊ ፖሊሶቹ፣ በዚያው ቀን፣ በእነሱ ኖቬምበር 21፣ በየዓመቱ የጠባቂያቸውን የድንግል ማርያምን በዓል ሲያከብሩ ቁልቋል በር ላይ የሞቱባቸውን ወታደሮች ያስባሉ። የተሸነፉት ቀኑን ያውቁታል። እኛ ያሸነፍነው በዚያው ቀን ሣጥኑን እናነድበታለን።»

ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠ። «ጢሱ እኮ ለበሽታው ነው፤ የ1911ዱ ወረርሽኝ ትዝታ።»

«አውቃለሁ፤ ጢሱን አልጠላም። ጥራጊው ይጢስ። እኔ የምለው፣ ከመጣሉ በፊት አንድ ሰው ክዳኑን ይገልብጠው ነው።»

ከዚያ የሰበሰብኳቸውን ሣጥኖች እንዴት እንደምይዛቸው ጠየቀኝ። ቀለም አልቀባም። ምስጡን አጠፋለሁ እንጂ እንጨቱን አልፍቅም፤ ጠፍሩን አውጥቼ በገመድ አልተካም። ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ይወዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጠፍሩን ከነቀልኩ የባልቴቷን አማት ነቀልኩ ማለት ነው። የማን ቤት እንደነበረ፣ ምን እንደተቀመጠበት በወረቀት ጽፌ ከክዳኑ ሥር አኖራለሁ። የታሸገና የከበደ ነገር ከሆነ ደግሞ እጄን አላሳርፍበትም፤ ለፖሊስ ነው የምናገረው። የዚያ ዘመን ፈንጂ ዛሬም እጅ ይቆርጣል።

ወዳጄ ሰምቶኝ ሲያበቃ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ ደኅና አደርሽ? ያቺ አልጋ ሥር ያለችው፣ በርበሬ የምታኖሪባት ሣጥን… አዎ፣ አረንጓዴዋ። ኅዳር ሲታጠን አውጥተሻት ነበር እንዴ?»

ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። «ምን ነክቶሃል? በርበሬዬን በምን ላኑረው!»

«በይ ክዳኗን ገልብጪና» አላቸው ወዳጄ፣ ወደ እኔ እያየ፣ «ከውስጥ የተጻፈ ነገር ካለ ተመልከቺልኝ።»