ኤአይ ለሱቃችን፦ አማካሪ መቅጠር ያዋጣል ወይ?

ሰሞኑን በየዋትሳፕ ግሩፑ «ንግድዎን በኤአይ ያሳድጉ፣ አማካሪ እንልክልዎታለን» የሚል ማስታወቂያ ይዞራል። እኛ ከኢምባካሲ እስከ ኢስሊ ያለን ነጋዴዎች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ «ስልኬ ላይ በነፃ ላለ ነገር ለምን ገንዘብ እከፍላለሁ?» ይላል። ግማሹ አማካሪ ከመጣ ትርፍ አብሮት የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ሁለቱም ልክ አይደሉም ባይ ነኝ። አማካሪ መቅጠር ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ለምን እንደምንቀጥረው ስናውቅ ነው።

መጀመሪያ «በነፃ አለ» ለሚሉት። እዚሁ ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። የበርክሌይና የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 640 አነስተኛ ነጋዴዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በዋትሳፕ የሚመልስ፣ በጂፒቲ-4 የሚሠራ የንግድ መካሪ ሰጡ፤ ለሌላው የተለመደ የንግድ መመሪያ ጽሑፍ። በአምስት ወሩ ሙከራ በአማካይ የታየ ልዩነት አልነበረም። ለየብቻ ሲታይ ግን ጉድ ነው፦ ድሮም ንግዳቸው ደህና የነበሩት ወደ 15 በመቶ ተሻሻሉ፤ ድሮም የሚንገዳገዱት ወደ 8 በመቶ ወረዱ። ተመራማሪዎቹ መልእክቶቹን ሲመረምሩ፣ ልዩነቱ የመጣው ነጋዴዎቹ ከጠየቁት ጥያቄ ወይም ካገኙት ምክር ሳይሆን፣ ከምክሩ የትኛውን መርጠው እንዴት ሥራ ላይ እንዳዋሉት መሆኑን አስተዋሉ።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ማሽኑ ለሁሉም በትሕትናና በእርግጠኝነት ይመልሳል። ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ሰው ይጠቀምበታል፤ መለየት ያልቻለ፣ በተለይ ዕዳና ኪራይ ያስጨነቀው ሰው፣ የተነገረውን ሁሉ ሲሞክር ያለውንም ያጣል። ጥሩ አማካሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስልኩን መንካት ማንም ያስተምራል። ከባዱ ሥራ የትኛውን ጥያቄ ለማሽኑ እንደምንሰጥና የትኛውን ለራሳችን እንደምናስቀር መለየቱ ነው።

የእኛ ንግድ ደግሞ ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ ማሽኑ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ጥቂቱን ልጥቀስ።

አንዱ ቀን መቁጠሪያችን ነው። የአዲስ አበባው ላኪ «ዕቃው ጥቅምት 5፣ ጠዋት 3 ሰዓት ይነሳል» ብሎ ሲጽፍ፣ በ2018 ዓ.ም. ከሆነ ኦክቶበር 15፣ 2025፣ በፈረንጅ ሰዓት 9 ማለቱ ነው። ማሽኑ ይህን አንዳንዴ ያውቃል፣ አንዳንዴ ግን «3 ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ይወስደዋል። የሚገርመው ስዋሂሊም እንደኛው ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ወረቀቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንድ መኪና ሙሉ ዕቃ ሞያሌ ላይ ቆሞ ሲያድር የሚከፈለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማሽኑ የተማረው እስከ አንድ ቀን ድረስ ያለውን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ፈልጎ እንዲያመጣ ካልተደረገ በአሮጌ ዋጋ ያሰላላችኋል፣ ያውም ሳያፍር።

ሦስተኛው ግብር ነው። ኬንያ ውስጥ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በኢቲምስ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ለገቢ ግብር ተቀናሽ አይሆንም። በሕግ የተለዩ ጥቂት ወጪዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለምሳሌ የራሱ የጉምሩክ ሰነድ አለው። ማሽኑ «ወጪህን መዝግብ» ይላችኋል። የትኛው ወረቀት ለየትኛው ወጪ እንደሚሆን የሚለየው ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው።

«ልጄ ስልክ ላይ ጎበዝ ነው፣ እሱ ይሠራልኛል» የሚሉም አሉ። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፣ እግዜር ያሳድጋቸው። ግን ስልክ ማወቅና ንግድ ማወቅ ይለያያል። ኮሜርስ የተማርን ሰዎች እናስታውሳለን፤ መጀመሪያ የተማርነው ገቢና ወጪን ለይቶ መጻፍን ነው፣ ማስያው በኋላ ነው የመጣው። ዱቤው በደብተር፣ ሽያጩ በኤምፔሳ፣ የአዲስ አበባው ክፍያ በቴሌብር፣ የቀረው በባለቤቷ ጭንቅላት ያለ ሱቅ ለማሽን የሚሰጠው ነገር የለውም።

ስለዚህ አማካሪ ስትቀጥሩ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ከማሽኑ በፊት መዝገባችሁን ለማየት ጠየቀ? ሳያይ ዋጋ የሚጠራውን ሸኙት።
2. አንድ ሥራ ይምረጥና እሱን ያሳይ። ለምሳሌ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ የሚመጣን ትእዛዝ ወደ አንድ ዝርዝር መገልበጥ። «ሁሉን እቀይራለሁ» የሚል ምንም አይቀይርም።
3. ክፍያው ተከፋፍሎ ይሁን፦ ሲጀምር፣ ሥራው ሲታይ፣ ከወር በኋላ።
4. አካውንቱና የይለፍ ቃሉ በእናንተ ስም ይሁን። አማካሪው ሲሄድ ሱቁ ተቆልፎ እንዳይቀር።
5. ማሽኑ ውስጥ የማይገባውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። የደንበኛ ፓስፖርት፣ መታወቂያና ስልክ ቁጥር እንደ ዋዛ የሚለጠፍ አይደለም፤ ኬንያ ከ2019 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያም ከ2024 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላቸው።
6. ከሱቁ ሰዎች አንዱን አሠልጥኖ ይሂድ። ዓመት ሙሉ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አላስተማራችሁም ማለት ነው።

በጉልት ሽሮና በርበሬ ለሚሸጡ እህቶቼ ደግሞ ዛሬ አማካሪ ቅጠሩ አልልም። ለእነሱ የሚቀድመው ደብተር ነው፤ የዱቤውን ስም፣ ቀኑንና መጠኑን የያዘ ደብተር። እሱ ከተስተካከለ በኋላ ሌላው ይደርሳል።

መካከለኛ ለሆንነው አንድ ሐሳብ አለኝ። እቁብ እናውቃለን። አምስት ስድስት ነጋዴ ተሰባስበን አንድ አማካሪ ብንቀጥር ዋጋው ለእያንዳንዳችን ይቀላል። የሚያሳስበው ምስጢር ነው፤ የትኛዋም ነጋዴ ዕቃ የምታመጣበትን ቦታና የምታተርፈውን ለጎረቤቷ አትነግርም፣ መንገርም የለባትም። መላው ቀላል ነው፦ ትምህርቱ በጋራ፣ መዝገቡ ለየብቻ፣ አማካሪውም ምስጢር ላለማውጣት ይፈርም። ስለ ቀን አቆጣጠር፣ ስለ ኢቲምስ፣ ስለ ምንዛሪ የሚማረው ለሁላችንም አንድ ነው። ትርፋችንን ግን እያንዳንዳችን በራሳችን መሳቢያ እንቆልፋለን።

ይህ መሣሪያ እኛን ብሎ አይጠብቅም። ከናይሮቢ ትልልቅ አስመጪዎች ጋር የምንወዳደረው በጉልበትና በመተማመን ነበር፤ አሁን እነሱ መሣሪያውንም መካሪውንም እየያዙ ነው። እኛ በነፃው ብቻ ከተደሰትን፣ ጥናቱ እንዳሳየው፣ ደህናው ሲሻሻል ደካማው የሚወርድበት ጨዋታ ውስጥ ነን። በየትኛው ወገን እንደምንገኝ ማሽኑ አይወስንልንም። እስቲ በእናንተ አካባቢ አብሮ ለመቅጠር የሚፈልግ ካለ ተነጋገሩበት።