አይፎን 12፣ እሬትና የጨረር መከላከያ ስቲከር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የፈረንሳይ መንግሥት አፕልን «አይፎን 12 መሸጥ አቁም» አለው። ስልኩ ለገበያ ከቀረበ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። የአገሪቱ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን የአምራቹን ወረቀት ብቻ አምኖ አይቀመጥም፤ ከሱቅ መደርደሪያ ስልክ አንስቶ ላቦራቶሪ ያስገባል። በእጅ ሲያዝ ወይም ሱሪ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ሰውነት ከአይፎን 12 የሚቀበለው ጉልበት በኪሎ ግራም 5.74 ዋት ሆኖ ተገኘ። የአውሮፓ ጣሪያ 4 ዋት ነው። አፕል በአለካኩ ባይስማማም ለፈረንሳይ ደንበኞቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ላከ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃም «ስልክ ካንሰር ያመጣል» ለሚለው ወሬ ጥሩ ስንቅ ሆኖለታል። ሆኖም ጣሪያው ታለፈ ማለት ሰው ተጎዳ ማለት አይደለም። ጣሪያው የተቀመጠው ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ከተባለው መጠን 10 እጥፍ ዝቅ ብሎ ነው። የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ የሰውን ዘረመል የመስበር አቅም የለውም፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው።

ታዲያ ስጋቱ ከየት መጣ? በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚል ምድብ መዘገበው። አስፈሪ ይመስላል። በኋላ ግን ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣ ጭማቂም እዚያው ምድብ ገብቷል። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ውስን መሆኑን እንጂ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይደለም። በ2024 ደግሞ ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና 63 ጥናቶችን የመረመረው ግምገማ፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስልክ በተጠቀሙ ሰዎች ላይ እንኳ ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄን ከንቱ አያደርገውም፤ በተለይ ጥንቃቄው ገንዘብ የማይጠይቅ ከሆነ። ዋናው ነገር ርቀት ነው። ስልኩ ከጆሮ በጥቂት ሴንቲ ሜትር እንኳ ሲርቅ ጭንቅላት የሚቀበለው ጨረር በእጅጉ ይቀንሳል። ላውድ ላይ አድርጎ ወይም በኢርፎን ማውራት፣ ማታ ከትራስ ሥር ማውጣት ይበቃል። ፈረንሳይ ሕፃናትን ለመጠበቅ ስትል ስልክ ያለ ኢርፎን እንዳይሸጥ ለዓመታት ታስገድድ ነበር፤ በ2022 ግዴታውን ያነሳችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አሳስቧት ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ኔትወርኩን ነው። ምድር ቤት ወይም ሊፍት ውስጥ፣ ምልክቱ አንድ መስመር ብቻ ሲቀር፣ ስልኩ ራቅ ካለው ማማ ጋር ለመገናኘት ጉልበቱን ይጨምራል። ባትሪው ቶሎ የሚያልቀውም አንድም በዚህ ነው። ረጅሙን ወሬ ኔትወርክ ጥሩ ወደሆነበት ማሻገር ነው ብልሃቱ።

«ጨረር ይከላከላል» ተብሎ ከስልክ ጀርባ የሚለጠፈውን ስቲከር በተመለከተ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ገና በ2002 እንዲህ ያሉ መከላከያዎችን የሚቸበችቡ ኩባንያዎችን ከስሷል። መከላከያው ሲግናሉን ካደናቀፈ ስልኩ ይበልጥ ጉልበት አውጥቶ ጨረሩን ሊጨምር እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። ለስቲከሩ የሚወጣው ገንዘብ ኢርፎን ይግዛበት።