«በሳምንት አንዴ አስነሱልኝ»

መኪናውን ግቢ አቁሞ ራቅ ያለ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ለዘበኛው የሚተወው አደራ አንድ ዓይነት ነው፦ «በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ አስነሱልኝ፣ ባትሪው እንዳይሞት።» መካኒኩ ይመክራል፣ ጎረቤቱ ይደግማል። ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ ስንት ደህና ባትሪ በልቷል።

እህቴ አሜሪካ ልጆቿ ጋ ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ ቁልፉን አዞረች። ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም። «አባባ፣ አላስነሱትም ማለት ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ዘበኛ ክው አሉ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሞተሩን ሲያስነሱ እኔ ራሴ አይቻለሁ። ኮፈኑን ከፍቼ በቴስተር ስለካው 11.3 ቮልት አለኝ። ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ፣ ግማሽ የቀረው ደግሞ 12.2 አካባቢ ያሳያል።

እስቲ እናስላው። ቁልፉ ተነቅሎም መኪና አይተኛም፤ አላርሙ፣ ሰዓቱና ኮምፒውተሩ ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። 50 ሚሊአምፔር ብንል በቀን 1.2፣ በሳምንት 8.4 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል። ዲናሞው ለባትሪው 20 አምፔር ቢሰጥ እንኳ በአምስት ደቂቃ የሚመልሰው 1.7 አምፔር-ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያም ላይ ሞቶሪኖው የወሰደው ይቀነሳል። በዚህ አካሄድ 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ግማሹን ያጣል። ጎድሎ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ሰልፌቱ አንዴ ከጠጠረ ቻርጀር ላይ ቢያድርም እንደ ድሮው አይሆንም።

ሞተሩም አይጠቀምም። ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ ማርሚታ ውስጥ ይቀራል፣ ማርሚታው ይዝጋል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅም ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

መፍትሔው ከአንድ ቁልፍ አያልፍም። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አስደርጎ ኔጌቲቩን ፈትቶ መሄድ ነው፤ ብዙ መኪኖች ላይ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ከመኪናው የተለየ ደህና ባትሪ በራሱ የሚያጣው በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። «አላርሙ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ግቢው ዘበኛ እያለው አላርም ለማን ይጮኻል? ሰዓቱን እንደገና መሙላትም አዲስ ባትሪ ከመግዛት ይቀላል። መፍታት የማይሆንለት ሰው ታማኝ ሹፌር ፈልጎ በየሳምንቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያስነዳው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አትዘናጉ፤ እሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ ያ ከሞተ መኪናው አይነሳም።

እህቴ አባባን ይቅርታ ጠይቃለች። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት ኔጌቲቩን ፍቱ። ሳትፈቱ ሄዳችሁ መኪናው እምቢ ካላችሁ ደግሞ ዘበኛውን አትቆጡ፤ የፈጸመው ያላችሁትን ነው።