ምልክት የሌለው ልጅ የማን ልጅ ነው?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ቡና የጠጣ ሰው ክርክሩን ያውቀዋል። «ማሽል» የተባለው ማንጋ አሪፍ ነው ወይስ ቀሽም? አንዱ የሃሪ ፖተር ግልባጭ ነው ይላል። ሌላው ቀልዱ ተደጋግሞ ሰለቸኝ ይላል። ወላጅ ደግሞ አንድ ገጽ ሳይገልጥ «የአስማት ትምህርት ቤት» የሚለውን ሰምቶ ስልክ ይነጥቃል። ከሦስቱም አልስማማም። ጋሞ ምድር ላይ ተቀምጦ ይህን ታሪክ ተራ ቀልድ ነው የሚለውን አንባቢ ግን ጨርሶ አላልፈውም።

ሀጂሜ ኮሞቶ ይህን ሥራ በጃፓኑ ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በተከታታይ አውጥቶ በ18 ቅጽ ጨርሶታል። ብዙዎች የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2024 የአኒሜው መክፈቻ ዘፈን ቲክቶክን ሲያጥለቀልቀው ነው። በዚያ ዓለም ሰው አስማት ይዞ ይወለዳል፤ ምልክቱም ፊቱ ላይ ይታያል። ምልክት የሌለው ይወገዳል፤ ይገደላል ማለት ነው። የታሪኩ ጀግና ማሽ አስማት የለውም። አንድ ሽማግሌ ጫካ ውስጥ ደብቆ አሳደገው። ሲደረስበት፣ ከአሳዳጊው ጋር በሰላም ለመኖር የቀረለት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፦ ኢስተን የአስማት ትምህርት ቤት ገብቶ ከተማሪው ሁሉ በላይ መሆን። በመግቢያ ፈተናው መውጫው በማይታወቅ ጥምዝምዝ መንገድ ውስጥ ሲከቱት፣ ግድግዳውን እየደረመሰ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ውስጥ ጥንቆላን የሚሰብከው የቱ ነው? ጀግናው እኮ አስማት የሌለው ልጅ ነው!

«ቀልድ ነው» የምትሉት ደግሞ የማሽን የትምህርት ቤት ባልደረባ ላንስን አስታውሱ። ጎበዝ ነው፣ ምልክቱም አለው። እህቱ ግን አስማቷን የሚያሟጥጥ በሽታ ይዟታል፤ ያለቀ ቀን እሷም ከሚወገዱት ትቆጠራለች። እሱ የሚታገለው ለእሷ ነው። ማሽ ከሚገነጥለው በርና ከሚወደው ክሬም ኬክ በቀር ምንም ያልታየው ሰው፣ መጽሐፉን ገለጠ እንጂ አላነበበውም።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ። እዚያም ሰው በትውልዱ ይመደባል። ማላ የመሬቱና የዱቡሻው፣ የሸንጎው አደባባይ፣ ባለቤት ነበር። ማና ሸክላ ይሠራል። ደጋላ ቆዳ ያለፋል፣ ብረት ይቀጠቅጣል። ለዘመናት ማናና ደጋላ በዱቡሻ ሸንጎ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ከማላ ጋርም አይጋቡም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በመሬት የመጠቀም መብት አላችሁ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በትውልድ ልዩነት አይደረግም አለ። ጋብቻ ላይ ሲደረስ ግን ሁለቱም የተጻፉ አይመስሉም።

እኔ ያደግሁት ማላ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ የሚወዳትን ሊያጭ ሲነሣ ስለ ትምህርቷም፣ ስለ ጠባይዋም የጠየቀ የለም። «የማን ዘር ናት?» ተባለ። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ሽማግሌ መላኩ እዚያው ቀረ። ይህን የወሰኑት ሰዎች ከሸክላ ምጣድ የወጣ ቆጮ እየበሉ፣ ከጀበና የተቀዳ ቡና እየጠጡ ነበር። ያንን ጀበና ጭቃውን አሽታ፣ አንገቱን በጣቷ አቅንታ፣ ሆዱን በድንጋይ አለስልሳ፣ ሜዳ ላይ በእሳት የተኮሰችው እናት ልጇ ለዚያ ቤት አትሆንም ተባለ! ኮሞቶ ምልክቱን ፊት ላይ ሣለው፤ እኛ ሳይሣልም እናነበዋለን።

ይህ ልማድ እንደማይለወጥ አድርጎ የሚነግረኝን ሰው አልሰማም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ወገኖቹ ተገድለውበት ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሱት። አገር አመሰገናቸው፤ እኔም ኮርቻለሁ። አባቶቼ፣ ያንኑ ሣር «የማን ዘር ናት?» በሚባልበት ደጅም ያዙልን። የተቆጣ ወጣት ከታዘዘላችሁ፣ አጎትና አክስት እንቢ የሚሉበት ምክንያት የለም።

እናንተ ማሽ ግድግዳውን ሲደረምስ ስልካችሁን ይዛችሁ የጮኻችሁ ልጆች፣ የሚቀጥለው ተራ የእናንተ ነው። ወንድማችሁ የደጋላ ልጅ ላግባ ብሎ ቤት ሲታመስ ተነሥታችሁ ተናገሩ። አባት ቢቆጣም፣ እናት ብታለቅስም ተናገሩ። ያን ቀን ዝም ካላችሁ፣ ስለ ማሽል የምትሰጡትን አስተያየት ከእንግዲህ አልሰማም።